ከአርማታው በታች፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ ለእግረኛ መንገድ የሚሆን የሥር ንጣፍ አመራረጥ

እናቴ ቱሉ ዲምቱ ቤት ሠርታ በገባችበት ዓመት፣ ከግቢዋ በር እስከ ኮብልስቶኑ ድረስ ያለውን 12 ሜትር ጭቃ ለማስቀረት የእግረኛ መንገድ ሠራንላት። ግንቦት ነበር፤ ክረምቱ ሳይገባ ለመድረስ ተጣድፈናል። የላዩን ሣር በዶማ ገፈን፣ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል አሸዋ በትነን፣ 10 ሳንቲ ሜትር አርማታ ሞላንበት። በሲሚንቶ አልሰሰትንም፣ ፌሮም ገብቶበታል፣ ሰባት ቀን ሙሉ ውሃ ጠጥቷል። መስከረም ሲጠባ መሃል ለመሃል ተሰንጥቆ አንደኛው ወገን ከሌላው ሁለት ጣት ከፍ ብሎ ነበር። ጥር ላይ ደግሞ ከፍ ያለው ተመልሶ ወረደ፤ ከዳሩ ሥር ያለው አፈር ግን ደርቆ ስለሸሸ ጠርዙ ተንጠልጥሎ ቀረ። እናቴ በዚያ ጠርዝ ተደናቅፋ ወደቀች፤ እጇ ተሰብሮ ሁለት ወር በጄሶ ታስሮ ከረመ።

ያን ጊዜ ለግንባታ ሥራ አዲስ ነበርኩ። አርማታውን ሰብረን ስናነሳው ስብርባሪው ጠንካራ ነው፤ በመዶሻ እንኳ በቀላሉ አይበገርም። የተበላሸው ሥሩ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለጎረቤትም ለዘመድም ብዙ እንዲህ ያሉ መንገዶችን ሠርቻለሁ፤ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝም አንድ ነገር ነው፦ «ሬድ አሽ ይሻላል ወይስ ሰሌክት?» ሬድ አሽ ቀዩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ሰሌክት ደግሞ ተጠቅጥቆ የሚነጠፍ የጠጠርና የአፈር ድብልቅ። መልሱ የሚገኘው ከማቴሪያል መሸጫው ሳይሆን ከራሳችሁ መሬት ነው። ከሥር ያለው አፈር ምን ዓይነት ነው? የገባው ውሃስ በየት ይወጣል? እነዚህን ሁለቱን ያወቀ ሰው ማቴሪያሉን መምረጥ አይቸግረውም።

1. ቆፍራችሁ እዩ

መንገዱ በሚያልፍበት መስመር ላይ ሁለት ወይም ሦስት ቦታ 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሩ። አንድ ብቻ አይበቃም። በከተማው ዳርቻ ያለ ቦታ ብዙ ጊዜ ከሌላ ቦታ የተቆፈረ አፈር ተደፍቶበት የተደለደለ ነው፤ አንዱ ጫፍ የተፈጥሮ መሬት ሆኖ ሌላው ጫፍ ፌስታል፣ የብሎኬት ስባሪና ልል አፈር ሊሆን ይችላል። መንገዱ ከግቢ ውጭ ከሆነ ደግሞ ከመቆፈራችሁ በፊት ወረዳውን አስፈቅዱ፤ የውሃ፣ የመብራትና የቴሌ መስመር በየት እንደሚያልፍም ጠይቁ። የውሃ መስመሩ ከአጥር ሥር በጣም ሳይርቅ የሚያልፍበት ሰፈር ብዙ ነው።

በጥቅሉ ሲታይ ከእንጦጦ ግርጌ፣ ከሽሮ ሜዳና ከጉለሌ እስከ ኮልፌና ቡራዩ ያለው ተዳፋት ቀይ አፈር ይበዛዋል። ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ ያለው ሜዳ፣ አቃቂ፣ ቃሊቲ፣ ለቡ፣ ቦሌ አራብሳ፣ በብዛት ጥቁር አፈር ነው፤ ገበሬው መረሬ የሚለው፣ መሐንዲሶች ብላክ ኮተን የሚሉት። ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው፤ ሜዳው ላይ ቤት የሠራ ሰው ግን ሲቆፍር የሚያገኘው ጥቁሩን ነው። ስለዚህ በሰፈር ስም አትወስኑ። በአንድ ቀበሌ ውስጥ እንኳ መቶ እርምጃ ተራምዶ አፈሩ ይለወጣል።

መረሬን ለይቶ ማወቅ ከባድ አይደለም። በበጋ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ በክረምት ጫማ ነቅሎ ያስቀራል። ከጉድጓዱ አንድ እፍኝ አውጡና በውሃ እያራሳችሁ እንደ ሊጥ እሹት። ከዚያ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል እየገፋችሁ እንደ ጥብጣብ አውጡት። ሳይበጠስ ከ5 ሳንቲ ሜትር በላይ ከረዘመ ሸክላው ብዙ ነው። ሁለት ሳንቲ ሜትር ሳይሞላ ከተቆረሰ አፈሩ አሸዋና ደለል ይበዛዋል፤ እፎይ ማለት ትችላላችሁ።

ከዚህ የበለጠ እርግጠኛ የሚያደርገኝ ሌላ ፈተና አለ፤ ሁሉም ቤት ሊሠራው ይችላል። ከእንግዲህ ሕፃን የማይጠባባቸው፣ የሚሊ ሊትር ምልክት ያላቸው ሁለት ጡጦዎች ፈልጉ። አፈሩን በፀሐይ በደንብ አድርቁ፣ ውቀጡት፣ በዱቄት ወንፊት ንፉት። በአንዱ ጡጦ ሳትጠቀጥቁ 30 ሚሊ ሊትር አፈር ለኩ። ሌላውን እስከ 200 ሚሊ ሊትር ውሃ ሙሉና አፈሩን ቀስ እያላችሁ በትኑበት። 24 ሰዓት ሳይነካ ይቀመጥ። በማግስቱ አፈሩ ከታች የደረሰበትን ምልክት አንብቡ። 45 አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ እብጠቱ ከግማሽ አይበልጥም፤ አያስፈራም። 60 እና ከዚያ በላይ ከደረሰ አፈሩ በእጥፍ አብጧል ማለት ነው፤ ይህ ያለ ጥርጥር የሚንቀሳቀስ መሬት ነው። በመካከል ያለውን እንደ መጥፎው ቁጠሩት። የእናቴ ግቢ አፈር 66 አሳይቶኛል።

ይህ ፈተና ለእግረኛ መንገድ ከቤት መሠረት ይልቅ እንኳ ያስፈልጋል የምለው በምክንያት ነው። 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አርማታ በአንድ ካሬ ሜትር 240 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ያበጠ መረሬ የዚህን ብዙ እጥፍ ያነሳል። ባለ ሁለት ፎቅ ቤት በክብደቱ መሬቱን ተጭኖ ሊይዘው ይችል ይሆናል፤ ቀላሉን የእግር መንገድ ግን መረሬው እንደ ክዳን ነው የሚያነሳው።

2. የውሃውን መውጫ ወስኑ

አዲስ አበባ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው ሐምሌና ነሐሴን አካቶ በክረምቱ ወራት ይወርዳል። መሬቱ አንድ ወቅት ጠግቦ ይጠጣል፣ ሌላ ወቅት እስኪሰነጠቅ ይደርቃል። አርማታውን የሚሰብረው ይህ መፈራረቅ ነው።

አሁን ልብ በሉ። መረሬ ላይ ቦይ ቆፍራችሁ ውሃ በሚያሳልፍ ጠጠር ሞላችሁት እንበል። ዙሪያውና ታቹ ውሃ የማያሳልፍ ሸክላ ነው። የክረምቱ ውሃ በአርማታው ዳርና በመጋጠሚያው ይገባል፣ ጠጠሩ ውስጥ ይጠራቀማል፣ መውጫ የለውም። ከመንገዳችሁ ሥር 12 ሜትር ርዝመት ያለው ገንዳ ሠራችሁ ማለት ነው። ያ ገንዳ ዝናቡ ካባራ በኋላም ለሳምንታት ሸክላውን ያጠጣዋል። «ውሃ የሚያሳልፍ ነገር አንጥፉ» የሚለው ምክር በቀይ አፈርና በአሸዋማ መሬት ትክክል ነው፤ በመረሬ ላይ ግን መውጫ ከሌለው መሬቱን ራሱ ያሳብጣል።

ስለዚህ ከቁፋሮው በፊት በቱቦ ውሃ ልክ፣ ማለትም ውሃ በተሞላ ግልጽ ቱቦ፣ ከፍታውን ለኩ። የቁፋሮው ታች ወደ አንድ ወገን፣ ወደ ቦይ ወይም ወደ ዝቅተኛ ቦታ፣ በየሜትሩ ቢያንስ 1 ሳንቲ ሜትር መውረድ ይችላል? ከቻለ የማቴሪያል ምርጫችሁ ሰፊ ነው። ካልቻለ፣ ከአካባቢው ዝቅ ብላችሁ የምትኖሩ ከሆነ፣ ውሃ የሚቋጥሩትን ማቴሪያሎች ከአሁኑ ሰርዙ። የጣሪያችሁ አሸንዳ በመንገዱ ዳር የሚያፈስ ከሆነም ቱቦ አስገብታችሁ አርቁት። የልብስ ማጠቢያ ውሃ በየቀኑ የሚደፋበት ቦታም እንደዚያው።

ባሕር ዛፍም አስቡ። በመረሬ ላይ ከመንገዱ ሦስትና አራት ሜትር ርቀት ላይ የቆመ ባሕር ዛፍ በበጋ ከሥር ያለውን እርጥበት መጥጦ አንዱን ወገን ብቻ ያሰምጠዋል። ወይ መንገዱን አርቁ ወይ ዛፉን አስቀድማችሁ ቁረጡ።

3. ማቴሪያሎቹን አንድ በአንድ

ወጣቶች ከስልካቸው ላይ የውጭ አገር ቪዲዮ እያሳዩ «እዚህ እንዲህ ነው የሚሠሩት» ይሉኛል። እዚያ የጠጠር ንጣፍ የሚወፍርበት አንዱ ትልቅ ምክንያት መሬቱ በብርድ ወቅት ወደ ታች ድረስ በረዶ ስለሚሠራና ሲቀዘቅዝ ስለሚያብጥ ነው። እኛ ጋ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት ሣሩ ላይ ውርጭ ቢታይም መሬቱ በጥልቀት አይቀዘቅዝም። የኛ ጠላት የሚያብጥ ሸክላ ነው፤ መድኃኒቱም ይለያል።

አሸዋ። ከሁሉ አስቀድሜ የማነሳው እኔ ራሴ የተሳሳትኩበት ስለሆነ ነው። አሸዋ ለማስተካከል ይመቻል፣ ግን ተጠቅጥቆ አይያዝም፤ ዳሩ በተከፈተ ቁጥር ከውሃ ጋር ሸርተት ብሎ ይወጣል፣ ከአርማታው ሥርም ባዶ ቦታ ይተዋል። በእርጥብ መረሬ ላይ ደግሞ ቀስ በቀስ ጭቃው ውስጥ ይሰምጣል። ከመቂና ከላንጋኖ በኩል ያን ሁሉ መንገድ ተጉዞ የመጣ ውድ አሸዋ መሬት ውስጥ መቀበሩም ያሳዝነኛል። አርማታው ውስጥ ግባ በሉት።

የድንጋይ ንጣፍ፣ ሃርድ ኮር። 25 ሳንቲ ሜትር ባዞላ ተደርድሮ፣ ተጠቅጥቆ፣ ክፍተቱ በጠጠር የሚሞላበት አሠራር በቤት ወለል ሥር የምናውቀው ነው። ጠንካራ ነው፣ ክብደትም አለው። ችግሩ ክፍተቱ ነው፤ ሠራተኛው ቸኩሎ ጠጠሩን ከላይ ብቻ ከበተነው በድንጋዮቹ መካከል ባዶ ይቀራል፣ በክረምት የለሰለሰው ጭቃ ከታች እየተገፋ ወደዚያ ባዶ ይወጣል፣ ድንጋዩም ይዘቅጣል። ለእግረኛ መንገድ ከመረጣችሁት ድንጋዩ ከ15 ሳንቲ ሜትር ባይበልጥ፣ ከሥሩ የዜሮ ዜሮ፣ ማለትም የደቃቅ የድንጋይ ፍጭ፣ ንጣፍ ቢኖር፣ ክፍተቱም በንብርብር እየተረጨና ውሃ እየተደፋበት ቢሞላ ነው የምስማማው። ድንጋይ በቅርብ ያለው ሰው ርካሽ ሆኖ ያገኘዋል።

ሬድ አሽ። በቢሾፍቱና በዱከም አካባቢ ካሉት የእሳተ ገሞራ ኮረብታዎች የሚወጣው ቀይ፣ ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ ነው። አያብጥም፣ አይጣበቅም፣ በደቡቡ ዳርቻ ላለን ሰዎች ለመጓጓዣ ቅርብ ነው፣ ለሠራተኛም ቀላል ነው። ነገር ግን ሦስት ጠባይ አለው። አንደኛ፣ ፍሬው አንድ ዓይነት መጠን ካለው እርስ በርሱ አይቆላለፍም፤ እግር ሲረግጠው እንደ ሽንብራ ይንሸራተታል። ይህን ለማስተካከል ለሦስት አካፋ ሬድ አሽ አንድ አካፋ ዜሮ ዜሮ እቀላቅላለሁ፤ ለውጡ በመጀመሪያው ጥቅጠቃ ይታያል። ሁለተኛ፣ በኮምፓክተር (በመጠቅጠቂያ ማሽን) ሥር ፍሬው ይሰባበራል፤ ስለዚህ ከምትገምቱት የበለጠ ይወርዳልና ጨምራችሁ እዘዙ። ሦስተኛ፣ ውሃ ይይዛል። ቀዳዳው ሁሉ ትንሽ እንስራ ነው። መውጫ ባለው ቁፋሮ ውስጥ ይህ አይጎዳም፤ መውጫ በሌለው መረሬ ላይ ግን ያ የነገርኳችሁን ገንዳ ይሠራል። ቀላልነቱም መረሬ ላይ ሲሆን ጥቅም አይደለም፤ እዚያ ክብደት ነው የምንፈልገው።

ሰሌክት። ስሙ «የተመረጠ» ማለት ነው፤ ማን መረጠው የሚለው ግን ትልቅ ጥያቄ ነው። ጥሩ ሰሌክት የተበሰበሰ ድንጋይ፣ ጠጠርና ጥቂት የማያብጥ ደቃቅ አፈር የተቀላቀለበት፣ ሲጠቀጠቅ እንደ ጡብ የሚደርቅ ነው። ክብደት አለው፣ በደንብ ከተጠቀጠቀ ውሃ በቀላሉ አያሳልፍም፤ ስለዚህ ለመረሬ ከሥር የሚቀመጥ ትራስ ሆኖ ከእርሱ የተሻለ አላገኘሁም። ከሥሩ ያለው ሸክላ እንዳይጠጣም እንዳይደርቅም ይከልለዋል። መጥፎ ሰሌክት ደግሞ ቡናማ ሸክላ ነው፤ መረሬን አውጥታችሁ የመረሬን ዘመድ ታስገባላችሁ። በዚህ ስም የሚሸጠው ነገር ከጭነት ጭነት ስለሚለያይ፣ ያን የጡጦ ፈተና በእርሱም ላይ አድርጉት።

የተፈጨ ድንጋይ ድብልቅ። ከዜሮ ዜሮ እስከ ዜሮ ሁለት ወይም ዜሮ ሦስት ያለው (ቁጥሩ ሲያድግ ፍሬው ይተልቃል) ተደባልቆ የሚመጣው፣ በመንገድ ሥራ ቤዝ ኮርስ የሚባለው ነው። ትልቁ ፍሬ ይሸከማል፣ መካከለኛው ክፍተቱን ይሞላል፣ ዱቄቱ ይቆልፋል። ከአርማታው በታች በቀጥታ ለሚቀመጠው ንብርብር ከሁሉ የምወደው ይህ ነው። ዋጋው ከፍ ይላል። ገንዘብ ካጠረ ውፍረቱን ቀንሱ እንጂ በጥራቱ አትደራደሩ። የታጠበ አንድ ዓይነት ጠጠር፣ ለምሳሌ ዜሮ ሁለት ብቻውን፣ ይህን አይተካም፤ እርሱ ለአርማታው ነው።

የፍራሽ ቁሳቁስ። የተሰበረ አርማታና ብሎኬት ከፌስታል፣ ከእንጨትና ከልስን ከተለየ፣ ከቡጢ ያነሰ ሆኖ ከተሰባበረ ለታችኛው ንብርብር ይሆናል። ጄሶ ያለበትን ግን አትንኩ፤ ጄሶ በእርጥበት ይሟሟል፣ ውስጡ ያለው ሰልፌትም አርማታን ይበላል።

አንዳንዶች መረሬውን ከኖራ ጋር ቀላቅሎ ማረጋጋት እንደሚቻል ሰምተው ይጠይቁኛል። ይቻላል፤ ከአፈሩ ደረቅ ክብደት ከ4 እስከ 6 በመቶ የሚሆን ኖራ እብጠቱን በጣም ይቀንሳል። ነገር ግን አፈሩ እንደ ጥራጥሬ ተፈርፍሮ ከኖራው ጋር እኩል መዋሃድ አለበት፤ በአካፋ ያን ማድረግ ለ12 ሜትር መንገድ የሚያዋጣ አይመስለኝም። ትልቅ ማሽን ላለው ሥራ ተዉት።

4. እንግዲህ ምረጡ

አለታማ ወይም የተበሰበሰ ድንጋይ መሬት ከሆነ 5 ሳንቲ ሜትር ዜሮ ዜሮ ለማስተካከል ይበቃችኋል። በዚያ ላይ ገንዘብ አታባክኑ።

ቀይ አፈር ሆኖ የጡጦው ፈተና ደህና ከሆነ፣ የላዩን ሥራሥር ያለበት አፈር ገፍፋችሁ፣ 10 ሳንቲ ሜትር የተፈጨ ድብልቅ ወይም ከዜሮ ዜሮ ጋር የተዋሃደ ሬድ አሽ አንጥፉ። እዚህ ሬድ አሽ ጥሩ ምርጫ ነው፤ ያለ ጭንቀት ተጠቀሙበት።

መረሬ ከሆነ ሁለት ንብርብር ያስፈልጋል። ታችኛው 25 ሳንቲ ሜትር ጥሩ ሰሌክት፣ ላይኛው 15 ሳንቲ ሜትር የተፈጨ ድብልቅ። ቁፋሮው እውነተኛ መውጫ ካለው የታችኛውን በሬድ አሽ መተካት ይቻላል። መረሬው ከሦስት ሜትር በላይ ጥልቀት ባለው ሜዳ ላይ ይህ እንኳ እንቅስቃሴውን ጨርሶ አያቆመውም፤ ይቀንሰዋል፣ የቀረውንም ለመላው መንገድ እኩል ያካፍለዋል። እኩል የተነሳ መንገድ አይሰበርም፤ የሚሰብረው በአንድ በኩል መነሳት ነው።

የተደፋ አፈር ከሆነ እስከ ተፈጥሮ መሬቱ ድረስ አውጡት። በጣም ጥልቅ ከሆነ ደግሞ ለጊዜው አርማታውን ተዉትና ኮብልስቶን ወይም ተነሺ ንጣፍ አስቡ፤ ሲሰምጥ አንስቶ ማስተካከል ይቻላል። አርማታ ግን ከተሰበረ ተሰበረ ነው።

5. ጭነቱ ሳይገለበጥ

ስሌቱን በእናቴ መንገድ ላሳያችሁ። 12 ሜትር በ1.5 ሜትር ነው፤ የሥር ንጣፉ ግን ከአርማታው በየጎኑ 15 ሳንቲ ሜትር መውጣት ስላለበት ቁፋሮው 1.8 ሜትር ይሰፋል። አርማታው ከመሬት 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ እንዲል አስበን 45 ሳንቲ ሜትር ቆፈርን። የሚወጣው አፈር 9.7 ሜትር ኩብ ነው፤ ሲፈርስ ስለሚነፋ 13 ያህል ይሆናል፤ የሚወስድ መኪና አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ሰሌክቱ 5.4 ሜትር ኩብ ተጠቅጥቆ ነው፤ ልል ሆኖ 7 ይታዘዛል። የላይኛው ድብልቅ 3.2 ሆኖ 4.2 ይታዘዛል። እንግዲህ ባለ 16 ሜትር ኩብ ሲኖ ለእንዲህ ያለ ሥራ ይበዛል፤ ከጎረቤት ጋር መካፈል ወይም በትንሽ ገልባጭ ማስመጣት ይሻላል።

ሹፌሩ ሳይገለብጥ መኪናው ላይ ውጡና ከመሃሉ ዝቁ፤ ከላይ ያለው ጥሩ ሆኖ ከሥሩ ሌላ ሊሆን ይችላል። ሰሌክት ከሆነ እፍኙን አርሳችሁ ጥብጣብ ሥሩበት። የተፈጨ ድብልቅ ከሆነ በመዳፋችሁ ጨብጡና ልቀቁት፤ ሁሉም መጠን ይታያል? ሬድ አሽ ከሆነ አፈር እንዳልተቀላቀለበት እዩ፤ በንጹሕ ውሃ ባልዲ ውስጥ ጥቂት ጨምሩ፣ ውሃው እንደ ጭቃ ከደፈረሰ መልሱት። ከተገለበጠ በኋላ መከራከር ድካም ብቻ ነው፤ ደላላውም ስልክ አያነሳም።

6. ቁፋሮና ንጣፍ

ጊዜው ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ቢሆን እመርጣለሁ። ያን ጊዜ መረሬው ጭቃነቱ አልፎለት፣ ገና ግን አልተሰነጠቀም፤ እርጥበቱ በዓመቱ መካከለኛ ቦታ ላይ ነው። መጋቢት ላይ ደርቆ በተሰነጠቀ መሬት ላይ የሠራችሁት መንገድ በሰኔ ይነሳል፤ ነሐሴ ላይ ባበጠው ላይ የሠራችሁት በጥር ይሰምጣል።

ችካል ትከሉ፣ ሲባጎ ወጥሩ፣ ቆፍሩ። ታቹ መረሬ ከሆነ የተከፈተውን በዚያው ቀን ለመሸፈን የምትችሉትን ያህል ብቻ ቆፍሩ፤ ፀሐይ ካገኘው ይሰነጠቃል፣ ዝናብ ካገኘው ያብጣል። የሥሩን መረሬ በደረቁ ደግማችሁ ደጋግማችሁ አትጠቅጥቁት። ደርቆና ተጨቁኖ የተቀመጠ ሸክላ ውሃ ሲያገኝ ይበልጥ ያብጣል። ቀለል አድርጋችሁ ውሃ ረጭታችሁ፣ አንድ ጊዜ አስተካክላችሁ እለፉ።

ከዚያ ጂኦቴክስታይል የሚባለውን ጨርቅ ዘርጉ፤ ጭቃው ወደ ንጣፉ እንዳይወጣ ይለየዋል። ለትንሽ መንገድ ሙሉ ጥቅል መግዛት ያልቻሉ ሰዎች ማዳበሪያ ጆንያዎችን በጎን ቀደው፣ ጫፍና ጫፉን 30 ሳንቲ ሜትር እያደራረቡ ሲዘረጉ አብሬያቸው ሠርቻለሁ። የእውነተኛውን ያህል አይሆንም፤ ከባዶው ግን ይሻላል። ፀሐይ የበላውን፣ በእጅ ሲጎተት የሚተረተረውን አትጠቀሙ።

ሰሌክቱን በአንዴ 25 አትሙሉት። በሁለት ንብርብር፣ እያንዳንዱ ሲጠቀጠቅ 12 ሳንቲ ሜትር ያህል እንዲሆን አንጥፉ፤ ተከራይታችሁ የምታመጡት ፕሌት ኮምፓክተር ከዚያ በላይ ወደ ታች አይደርስም። እርጥበቱ ትልቅ ነገር ነው። እፍኝ ጨብጡና ልቀቁ፦ ቅርጹን ይዞ ከቆየና ሲጣል ሁለት ሦስት ቦታ ከተሰበረ ልክ ነው። ከተበተነ ውሃ አክሉ፤ እጃችሁ ላይ ከተጣበቀ አድርቁት። በየንብርብሩ ቢያንስ አራት ጊዜ ተመላለሱ፣ በተለይ በጠርዙ። ኮምፓክተር የማይገኝበት ቦታ በአርማታ የተሞላ ቆርቆሮ ላይ እጀታ ተክለን በሁለት ሰው እንወቅጣለን፤ ያን ጊዜ ንብርብሩ ከ7 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ። አድካሚ ነው፤ ሠራተኛው እንዲያርፍ ተራ አስይዙ፣ አለዚያ ከሰዓት በኋላ የተሠራው ወገን ልል ይሆናል።

ማለቁን እንዴት ታውቃላችሁ? በተረከዝ ስትመቱት ምልክት አይቀርም። ባለ 12 ሚሊ ፌሮ በሁለት እጅ ይዛችሁ በሰውነት ክብደት ስትጫኑት ከሁለት ሳንቲ ሜትር በላይ አይገባም። የኮምፓክተሩ ድምፅም ይለወጣል፤ ከታፈነ ድምፅ ወደ ደረቅ ጩኸት ይሄዳል፣ የለመደ ጆሮ ይለየዋል። አንድ ቦታ ላይ ሲረገጥ እንደ ፍራሽ ከተንቀሳቀሰ ውሃ በዝቶበታል፤ ያን ቦታ አውጡና በደረቅ ተኩት፣ በላዩ አትለፉ።

መውጫው በዚህ ጊዜ ይገባል፦ በዝቅተኛው ጫፍ፣ ከሥር ንጣፉ ታች፣ ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ ቱቦ በጠጠር ከብባችሁ ወደ ቦዩ አውጡ። የላይኛውን ንብርብር ስታነጥፉ ተዳፋቱን በእርሱ ላይ ስጡት፤ በመንገዱ ወርድ በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር፣ ከቤቱ ወደ ውጭ። ተዳፋቱን በአርማታው ውፍረት ለማስተካከል የሚሞክር ሠራተኛ ካለ አስቁሙት፤ የሳሳው ወገን ቀድሞ ይሰነጠቃል።

7. አርማታው

ስለ አርማታው ብዙ ተጽፏል፤ እኔ ከሥሩ ጋር የሚያያዘውን ብቻ ልናገር። ከመሙላታችሁ በፊት ንጣፉን አርሱ፣ ግን ውሃ አይቋጥር። ሬድ አሽ ከሆነ በተለይ፣ ካልራሰ የአርማታውን ውሃ መጦ ያደርቀዋል፤ ወይም ቀጭን ፕላስቲክ አንጥፉበት። ውፍረቱ 10 ሳንቲ ሜትር፣ መኪና የሚያልፍበት በር ላይ 15። በ1:2:3 (ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠር) ከሠራችሁት ለእናቴ መንገድ 1.8 ሜትር ኩብ አርማታ 13 ከረጢት ያህል፣ እያንዳንዱ 50 ኪሎ፣ ሲሚንቶ ይፈልጋል። በየ1.5 ሜትሩ የውፍረቱን ሩብ ያህል ጥልቀት ያለው መስመር አስምሩ፤ ከቤቱ ግድግዳና ከአጥሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ደግሞ የሚለያይ ፎም ወይም ቀጭን ጣውላ አስገቡ። መንገዱ ከቤቱ ጋር ከተጣበቀ ሁለቱ እየተጓተቱ ሁለቱም ይጎዳሉ።

ካሳፎርማው (አርማታው የሚሞላበት የጣውላ ቅርጽ) ሲነሳ በየጎኑ የተረፈውን 15 ሳንቲ ሜትር ክፍተት በሰሌክት ሙሉና ጠቅጥቁ፤ የተቆፈረውን መረሬ እዚያ አትመልሱት። የበጋ ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ዳር ነው፤ የክረምት ውሃም በዚያው ይገባል። አበባ መትከል የምትፈልጉ ከዳሩ አንድ ሜትር ራቁ፤ በየማታው የምታጠጡት ውሃ ከአርማታው ሥር ይገባል።

የእናቴን መንገድ በዚህ መንገድ ኅዳር ላይ ደግመን ሠራነው። አራት ክረምት አልፎበታል። በሩ አጠገብ ባለው መስመር ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አለ፤ ደረጃ ግን አልፈጠረም፤ በእግር ሲዳሰስ አይሰማም። በየዓመቱ ግንቦት መጨረሻ ላይ እሄዳለሁ፤ የቱቦውን አፍ ከፍቼ ደለሉን በሽቦ አወጣለሁ፣ አንድ ባልዲ ውሃ በላይኛው ጫፍ አፍስሼ ከታች እስኪወጣ እጠብቃለሁ።